የታደለ ቃል ሁለተኛ ገጽ

መጋቢት 9 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ታደለ ዛሬ ጠዋት በከባድ የግፍ አገዳደል ወንጀል ተከሰሰ። ክሱ ሁለት ገጽ ነው። የምስክሮች ዝርዝር ስድስት ስም ይዟል፤ ለፖሊስ የሰጠው ቃልም ተያይዟል። ጥፋተኛ ከተባለ የሚጠብቀው ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው።

ዜናውን ለጋዜጣው የአዲስ አበባ ቢሮ በስልክ አነበብኩ። መስመሩ ስለተቆራረጠ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። የሟቹን ስም ፊደል በፊደል ስነግራት ተቀባይዋ «ጋሽ ወርቁ፣ እሳቸውንማ እናውቃቸዋለን» አለችኝ። መምህር ገብረአማኑኤል ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ለተፈናቃዮች የሚመጣው እህል የሚቀመጥበትን መጋዘን ያለ ደመወዝ ይቆጣጠር ነበር። የካቲት 14 ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ እዚያው መጋዘን ውስጥ በዱላ ተመትቶ ሞተ። ታደለ የመጋዘኑ ጥበቃ ነው። ከወለጋ ተፈናቅሎ ካምፑ ከገባ አራት ዓመቱ ነው።

ገብረአማኑኤል ጓደኛዬ ነበር። ይህን በዜናው ውስጥ አልጻፍኩም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ባጃጅ ውስጥ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ካምፑ በር ላይ እንዲያወርዳት ጠየቀች። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመና «እናቴ፣ እዚያ አልሄድም፤ ያበላቸውን ሰው የበሉ ናቸው» አላት። ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ወረደች። ወደ እኔ ዞሮ፣ ታደለ ራሱ «አጠፋሁት» ማለቱን፣ ጋዜጣ ላይም መውጣቱን አስረዳኝ።

የየካቲት 28ቱ ርዕስ ነው። «አጠፋሁት»፣ ብቻውን፣ በትልቁ። ርዕሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ዐቃቤ ሕጉ ምህረቱ ቢሮው ጠርቶ የታደለን ቃል ቅጂ ሰጥቶኝ ነበር። ሦስተኛውን ገጽ ገልጦ የመጀመሪያውን መስመር በጣቱ አሳየኝ። ያሳየኝን አነበብኩ። ጊዜ አልነበረኝም።

ሴትዮዋ በእግሯ ሄደች። እኔ እስከ ቤቴ ተሳፈርኩ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። መብራት ስለጠፋ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እጽፋለሁ። ባለቤቴ አስካለ ጋቢ ደረበችልኝና የማስበው የሞተውን ይሁን የታሰረውን ጠየቀችኝ። መልሱን ሳትጠብቅ ሄደች።

የማስበው መንገዱን ነው። በ1967 ዓ.ም. እኔና ገብረአማኑኤል ዘጠነኛ ክፍል ልንማር ከአንኮበር ደብረ ብርሃን መጥተን አንድ ክፍል በጋራ ተከራየን። በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ለማምጣት በእግር እንመለስ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልቻችንን ተሸክመን እንነሳለን። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ያኔ እናቱ የቆላችውን ያወጣል፤ ገብስና ባቄላ የተቀላቀለ ቆሎ ነው። ጥርሱ ከልጅነቱ ደካማ ስለነበር ባቄላውን እየመረጠ ለእኔ ይሰጠኝና ገብሱን ለራሱ ያስቀራል። ያን ሁሉ መንገድ የተጓዝኩት በእሱ ባቄላ ነው።

ካረጀ በኋላም አልተወውም። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ እጁን ኪሱ ይከትና ከጎኑ ላለው ሰው መዳፍ ላይ ባቄላ ያስቀምጣል። የሒሳብ መምህር ነውና ይቆጥረዋል። ተማሪዎቹ «ቲቸር ባቄላ» ይሉት ነበር። ያውቃል፤ አይከፋውም።

በተገደለበት ምሽትም ለታደለ ሰባት ፍሬ ቆጥሮ ሰጥቶታል። ዜናው ውስጥ ያስገባሁት ለዚህ ነው። ገብረአማኑኤልን የሚያውቅ ሰው ያቺን ሰባት ሲያነብ ያየዋል ብዬ ነው። አርታኢዎቹ እንዳይቆርጧት ለመንኳቸው። አልቆረጧትም።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

የታደለ ሚስት ፋንቱ ቤት ድረስ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች፤ አስካለ ክንዷን ይዛ አስገባቻት። ከብብቷ ሥር የታጠፈ ጋዜጣ አወጣች። ጎረቤቶቿ እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ስለነገሯት፣ ማንበብም ስለማትችል፣ የጻፈው ሰው ራሱ እንዲያነብላት ነው የመጣችው።

ርዕሱን አነበብኩላት።

«ምኑን?» አለችኝ።

ደግሜ አነበብኩላት። ያልሰማች መስሎኝ ነው።

«ሰማሁ ጋሼ። ምኑን ነው ያጠፋው?»

እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ሰባቱ ባቄላ ላይ ስደርስ አንገቷን ነቀነቀች። እነዚያን ፍሬዎች ታደለ ሳይበላ ለልጃቸው ይዞላት እንደመጣ ነገረችኝ። ከዚያ ስለ መብራት አወራች። እኔ ስለ መብራት አልጠየቅኳትም። ወለጋ እያሉ ማታ ኮቴ ሲሰማ መጀመሪያ የሚደረገው መብራት ማጥፋት ነው፤ ልጅ አፉን ይያዛል፣ ውሻ ይታሰራል፣ መብራት ይጠፋል። የተረፉት እንደዚያ ነው። እዚህም ካምፕ ውስጥ አንድ ሰው በሩጫ ካለፈ የመደዳው መብራት በሙሉ ድርግም ይላል። ታደለ ከሁሉም ይብሳል አለች።

ከሄደች በኋላ አስካለ «ለጥያቄዋ አልመለስክላትም» አለችኝ። ጋዜጣ አንባቢ ሊመልስ አይችልም አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ አሁን አይገባኝም።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ችሎት። አዳራሹ ሞልቶ ውጭ የቆመው ይበዛል። የከተማው ሰው በቀኝ፣ ከካምፑ የመጡት በግራ፤ ማንም እንዲህ ተቀመጡ አላላቸውም።

የታደለ ተከላካይ ጠበቃ ሔራን የምትባል ወጣት ናት፤ የሰላ ድንጋይ ልጅ። ስትገባ ከኋላዬ አንዱ «የአገሯን ሰው ትታ ለመጤ ትከራከራለች» አለ። ሰምታለች፤ ፋይሏን ማገላበጥ ቀጠለች።

የመሐል ዳኛው ድርጊቱን ፈጽሞ እንደሆነ ታደለን ጠየቁት። ቀጭን ነው፤ ሲናገር እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም።

«አልገደልኩም። ግን አጥፍቻለሁ» አለ።

ቀኙ በኩል ጉርምርምታ ተነሳ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። ጸሐፊዋ «አልፈጸምኩም ብሏል» ብላ ጻፈች። እኔ የጻፍኩት ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር ነው። ጋዜጣው ሁለተኛውን ብቻ አወጣ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ትናንት ማታ ካምፑ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ዘነበ። አንዲት አሮጊት ግንባራቸው ተፈነከተ። ዛሬ ጠዋት ሦስት የካምፑ ሴቶች ከሚያጥቡበት ቤት ተሰናበቱ። ዜና ላክሁ። አልወጣም።

ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ

ከስግደት ስንወጣ ምህረቱ አገኘኝና ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ለእኔ ግን አሁንም ክረምት ክረምት ቤቴ እየመጣ የቆየ ጋዜጣ የሚያነብ ተማሪ ነው። ገብረአማኑኤል ነበር ይዞት የመጣው። «ይህ ልጅ ለሒሳብ አይሆንም፣ ለነገር ግን ይሆናል» ብሎ። ሊያገባ ሲልም የልጅቱን ቤተሰብ በሽምግልና የጠየቅነው እኔና ገብረአማኑኤል ነን። አባትየው እምቢ ብለው ሁለት ጊዜ መለሱን። በሦስተኛው ገብረአማኑኤል የልጅቱን አባት መዳፍ ይዞ ባቄላ ቆጠረበት፤ ሽማግሌው ሳቁ፤ ልጅቱን ሰጡን።

ይህን እያነሳን እስከ አደባባዩ አብረን ሄድን። ምህረቱ ዓይኑ እርጥብ ነበር። መዝገቡ እንዴት ነው አልኩት። የጸና ነው አለኝ። ካምፑ ላይ ስለወረደው ድንጋይ ሳነሳበት ድምፁ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ በየካቲት ከተማው ሊነድ ነበር። አንድ ሰው ሰጠናቸው፣ ሺው ተረፈ።»

ቤት ገብቼ ጉልባን በላሁ። አስካለ ባቄላውን አብዝታበት ነበር።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ሔራን መጣች። ሁለት ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ የየካቲት 28ቱን ጋዜጣና ዐቃቤ ሕግ ለፍርድ ቤት ያቀረበውን የታደለን ቃል ቅጂ። ቅጂው ሦስት ገጽ ነው።

ጋዜጣው ላይ አንድ መስመር በእርሳስ አስምራበታለች። «ሰባት መሆኑን ማን ነገረዎት?» አለችኝ።

ገብረአማኑኤል ባቄላ መስጠቱን አገር ያውቃል አልኳት። አገር እንደሚያውቅ፣ የዚያን ምሽቱን ሰባት ግን ከታደለና ከሚስቱ በቀር ማንም እንደማያውቅ በትሕትና ተናገረች። ታደለ ለፖሊስ ተናግሬያለሁ ይላል። መዝገቡ ውስጥ የለም። ጋዜጣው ላይ ግን አለ። የሁለተኛው ገጽ ቁጥር ላይ ብዕር ተደግሞበታል፤ ሦስት የነበረ ይመስላል።

ማስታወሻዬን ልፈትሽ አልኳት። ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ወረቀቱ መሳቢያው ውስጥ አለ። አራት ገጽ።

ገጽ አንድ የሚያልቀው በጥያቄ ነው፤ «መምህር ገብረአማኑኤልን ምን አደረግከው?» መልሱ ገጽ ሁለት ራስጌ ላይ ነው፤ ምንም አላደረግኩትም፣ ማታ ሥራ ስገባ ሰባት ፍሬ ባቄላ ቆጥሮ ሰጠኝ፣ ጥግ ሄጄ ቋጠርኩት፣ ከዚያ የሁለት ሰው ኮቴ ሰማሁ። ገጽ ሁለትም የሚያልቀው በጥያቄ ነው፤ «ኮቴውን ስትሰማ መብራቱን ምን አደረግከው?» ገጽ ሦስት «አጠፋሁት። ፈርቼ ነው» ብሎ ይጀምራል።

ሁለተኛው ገጽ ሲወጣ አንደኛውና ሦስተኛው ስፌት ሳይታይባቸው ይገጥማሉ።

የድሮ አለቃዬ ቃለ መጠይቅ ይዤለት ስሄድ ኅዳጉ ላይ በቀይ ብዕር «ጥያቄው የታለ?» ብሎ ይመልስልኝ ነበር። እኔ በሃያ አምስት ዓመቴ ስለዚያ ቀይ ብዕር አልቅሻለሁ። ያ ክፍል፣ የታይፕራይተሩ ጩኸት፣ ከታች ፎቅ የሚመጣው የቀለም ሽታ። አሁን እዚያ ብሆን ደስ ባለኝ።

ምህረቱ ያሳየኝን ነው ያነበብኩት። ሁለተኛውን ገጽ ያየሁት በኋላ ይሆናል። መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ዜናው የወጣው የካቲት 28 ነው። ሰባቱ ባቄላ ዜናው ውስጥ አለ።

ግንቦት 3፣ እሑድ

አንኮበር። የገብረአማኑኤል ሰማንያ ነው። ሚኒባሱ ኬላ ላይ አንድ ሰዓት ስለቆመ ዘግይቼ ደረስኩ። ጎረቤላ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ቁልቁለቱን በዝግታ ወረድኩ። ድሮ በሩጫ የምንወርደው ነበር። እሱ ከፊት እየሮጠ የድንጋዮቹን ቁጥር ይጠራል፤ እኔ ከኋላ እስቃለሁ። ከገደሉ ጫፍ ቆላው እንደዚያን ጊዜው ጭጋግ ለብሶ ተኝቷል። ዛፉ ጨምሯል። ያኔ የቆምንበት ድንጋይ ላይ ትንሽ ቆምኩ።

ዳሱ ውስጥ ቦታ አልለቀቁልኝም። ጠበቃዋ ቤቴ መምጣቷ እዚህ ድረስ ደርሷል። እህቱ ሰርካለም ድፎ ዳቦ ቆርሳ ይዛልኝ ዳሱ ደጃፍ መጣች። በልጅነታችን ስንቃችንን የምትቋጥርልን እሷ ነበረች።

«ወርቁ፣ የወንድሜን ገዳይ ልታስፈታ ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

ገዳዩ ማን እንደሆነ አላውቅም አልኳት።

«ጋዜጣው ላይ ስታወጣው ታውቅ ነበር» አለችኝ። ዳቦውን እጄ ላይ አስቀምጣ ገባች።

ቆሜ በላሁት። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ማንም አላናገረኝም።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ምህረቱ መጣ። ፍርድ ቤቱ በሔራን አቤቱታ እንድቀርብ ማዘዙን ሰምቷል። አስካለ እንደ ልጇ ስማ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ጓሮ ወጣች። ድሮ የሚያነብበት ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። ጋዜጦቹ አሁንም አሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አሉ አልኩት። የመጀመሪያ ክስ መዝገቡን ያሸነፈ ቀን ለእኔና ለገብረአማኑኤል ምሳ እንደጋበዘን አስታወሰኝ። ገብረአማኑኤል ለአስተናጋጇ ባቄላ ቆጥሮላት ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። ዕድሜ ልክ እዚያ ሳቅ ላይ ብንቆይ እወድ ነበር።

ገጹን ለምን አወጣኸው አልኩት።

አስከሬኑ የተገኘበትን ቀን አነሳ፤ ቀብሩ ላይ የነበረውን ሰው፣ ከቀብር ወደ ካምፑ ያቀናውን ጎረምሳ፣ አለቆቹ በቀን አምስት ጊዜ መደወላቸውን። ከዚያ ሁለቱ ባለ ኮቴዎች እስኪገኙ ብቻ ነው ብሎ እንደነበር ተናገረ። አልተገኙም። እየተፈለጉ ነው ወይ አልኩት። ሰዓቱን አየ።

ሲነሳ ጉልበቴን አልሳመም።

«ጋሼ፣ ያንን ገጽ የተውኩት እኔ ብቻ አይደለሁም።»

በሩን እሱ ራሱ ዘጋው። አስካለ ገብታ ምን አልከው ብላ ጠየቀችኝ። «እናትህን ሰላም በልልኝ» አልኩት አልኳት።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ወረቀቱን አራቱንም ገጽ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። ክዳኑን ጠርዙ ላይ ሦስት ጊዜ ተጫንኩት።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

መሰከርኩ። ፖስታውን ለችሎቱ ሰጠሁ። ጸሐፊዋ ገጾቹን ቆጠረች። አራት።

ምህረቱ ተነስቶ ተቃወመ። ሰነዱ በሕጋዊ መንገድ ያልተገኘ፣ ከመዝገብ ውጭ የወጣ፣ ትክክለኛነቱ ያልተረጋገጠ ነው አለ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ነጥቡን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። እንዲህ ጻፍ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ማን እንደሰጠኝ ዳኛው ጠየቁኝ። ስሙን ተናገርኩ። ወደ እኔ አልተመለከተም።

ከዚያ የመሐል ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ሁለተኛውን ገጽ መቼ እንዳነበብኩ ጠየቁኝ። ሔራን ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። ጥያቄውን እሷ ብታነሳው ይሻል ነበር፤ እንዳልተዘጋጀ ሰው ነው የቆምኩት።

«ርዕሱን ከመጻፌ በፊት» አልኩ።

ታደለ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ለሰላምታ ይሁን በሌላ ምክንያት አላወቅሁም።

ስወጣ ከበር ላይ አንድ የቀድሞ የገብረአማኑኤል ተማሪ፣ ሱቅ ያለው፣ «ጋሽ ወርቁ፣ እኛ ቢያንስ እሱን ወደነዋል» አለኝ። እኔም ወድጄዋለሁ ማለት ፈልጌ ነበር። ርዕሱን የጻፍኩት በዚያ ምክንያት ነው። የሚወቀስ አንድ ሰው አግኝቼ ነበር፤ ሌላ መፈለግ አቅቶኝ ነበር።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ለጋዜጣው ማረሚያ ልኬ ነበር፤ አንድ ገጽ ተኩል። ዛሬ አራት መስመር ሆኖ ስድስተኛው ገጽ ላይ ወጣ። ስሜ የለበትም። አስካለ ቆርጣ አስቀመጠችው።

የዕድር ስብሰባ ነበረ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ድሮ የገብረአማኑኤል ወንበር ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ካምፑ ጸጥ ብሏል ይላሉ። ባጃጆች እንደገና መሄድ ጀምረዋል፤ ሁሉም አይደሉም።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ፍርድ ቤቱ ዛሬ የዐቃቤ ሕጉን መቃወሚያና የጠበቃዋን መልስ ሰማ። ፖሊስ የመጀመሪያውን ቃል ዋና ቅጂ እንዲያቀርብ ታዟል፤ የጣቢያው ተወካይ እየፈለግን ነው ብለው መለሱ። ምህረቱ ከመዝገቡ አልተነሳም። ስለ እሱ ለአለቆቹ የተጻፈ አቤቱታ አለ ይባላል፤ መልስ አላየሁም።

ፋንቱ ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ። ዛሬ ምን እንደተባለ ጠየቀችኝ። ሁለተኛው ገጽ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ ወይስ አይያያዝ የሚለውን ሊወስኑ ቀጠሮ ሰጡ አልኳት። ከተያያዘ ዳኞቹ ታደለ ይከላከል ወይም በነጻ ይሰናበት የሚሉት አራቱን ገጽ አንብበው ነው። ካልተያያዘ ሦስቱን። ቀኑን በጣቷ ቆጠረች፤ ስትሳሳት እንደገና ጀመረች። እኔም አብሬያት ቆጠርኩ።

ብይኑ የሚነበበው ሰኔ 19 ቀን፣ ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።